የቶርኖአችንን ጤና አንድ ጊዜ ለጠየቁት ክቡር ኃላፊ

ሚያዝያ 28 ቀን
ላሊበላ

ለአምራቾች የላቀ ቴክኖሎጂ ዝግጁነት ምዘና ማስተባበሪያ
ለክቡር ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከመቶ አሥራ ሰባት ስላገኘንበት ምዘና ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ። ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ጄኔሬተር እንዴት ናቸው? ደግሜም እጠይቃለሁ፤ ጤናዎ እንዴት ነው? ሦስተኛም ልጠይቅ፤ እውነት ደኅና ነዎት? ሦስት ጊዜ መጠየቄ ጨዋነት በዝቶብኝ አይደለም። በላስታ የሰው ጤና የሚጠየቀው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ስለሆነ ነው። ይህ ልማድ በኋላ ስለሚያስፈልገን እባክዎን ከአእምሮዎ አያውጡት።

ምንይችል በእውቀቱ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መካኒካል ምሕንድስና ተምሬ፣ አሥራ አንድ ዓመት በቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተምሬ፣ ከዚያም ወደ ትውልድ ቦታዬ ተመልሼ በኢንዱስትሪ መንደሩ ሼድ ቁጥር አራት ውስጥ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ወርክሾፕ ከከፈትኩ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። የምንሠራው የወፍጮ ዘንግ፣ ቺንጋ የሚያዞር ፑሌጃ፣ የመውቂያ ማሽን ጥርስና የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ ነው። ከኩልመስክ እስከ ኮን ባለው ደጋ የሚዞር ወፍጮ ካለ ከሆዱ ውስጥ አንድ የእኛ ብረት አይታጣም። ይህን ሁሉ የምንሠራው በአንድ ቶርኖ ነው። ቶርኖ ብረትን እያሽከረከረ የሚቆርጥና የሚያለሰልስ ማሽን መሆኑን የምገልጸው ደብዳቤውን ለሚያነበው ሕዝብ ነው እንጂ ለእርስዎ አይደለም፤ ምንም እንኳ በሪፖርትዎ ገጽ ዘጠኝ ላይ «የእንጨት ሥራ ማሽን» ተብሎ ቢጻፍም።

ባለፈው የካቲት መሥሪያ ቤትዎ ለላቀ ቴክኖሎጂ ያለንን ዝግጁነት መዘነ። ከመቶ አሥራ ሰባት አገኘን። ከአርባ በታች ያገኘ አምራች ሼዱን በሠላሳ ቀን ውስጥ ይለቃል በሚለው መመሪያ መሠረትም፣ እነሆ ዛሬ ሼድ ቁጥር አራት ውስጥ እኛም ቶርኖአችንም የለንም። ውሳኔው እንዲቀየር አልለምንም፤ እንደማይቀየር በሦስት መስኮት ላይ በትሕትና ተነግሮኛል። ይህን የምጽፈው የተደረገልንን በጎ ነገር ሁሉ በየተራ ቆጥሬ ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፦ ቀኑን ስለመረጡልን አመሰግናለሁ።

በማኅተም ተደግፎ የደረሰን ደብዳቤ የምዘና ቡድኑ ማክሰኞ የካቲት 18 ቀን እንደሚመጣ ይገልጽ ነበር። እኛም ሁለት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀን። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ተስለው የኖሩትን የስድሳ ሦስት መለዋወጫዎች ንድፍ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩ፤ መብራት የጠፋባቸውን ቀናት ከነሰዓታቸው መዝግቤ በፋይል አሰርኩ፤ ወለሉን ሳይቀር በናፍጣ አሳጠብኩ። ማክሰኞ ማንም አልመጣም። ረቡዕም፣ ሐሙስም እንዲሁ። ዓርብ ዕለት፣ እኔ ጋሸና መገንጠያው ላይ ዘንግ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ጭኖ የሚመጣ መኪና ስጠብቅ ቡድኑ ከተፍ አለ።

ዓርብ ማርያም ነበረች። በማርያም ቀን ክርስቲያኑ ሠራተኛ ብረት አይነካም። ይህ በእኛ ቤት ችግር ሆኖ አያውቅም፤ ምክንያቱም በማርያም፣ በሚካኤልና በመድኃኔ ዓለም ቀን የብየዳ ሠራተኛችን አብዱልሀሚድ ቤቱን ይዞ ይውላል፤ ዓርብ ቀን እሱ ለጁምዓ ሲሄድ ደግሞ እኛ እንይዛለን። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሁለት ሃይማኖት በዓል ተደምሮ ማሽኑን አላቆመውም። ሁለቱም በአንድ ላይ ከቤት የሚጠፉት ማርያም ዓርብ ላይ ስትውል ብቻ ነው፤ ያውም ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት። ቡድንዎ የደረሰው ማርያም ዓርብ ላይ በዋለችበት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ይህን ሰዓት አስልቶ ለማግኘት ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሊቅ በተፈለገ ነበር፤ መሥሪያ ቤትዎ ግን ያለ ምንም ስሌት አገኘው። «የማምረት አቅም አጠቃቀም፦ ዜሮ» ተብሎም ተመዘገበ። አብዱልሀሚድ ከመስጊድ ሲመለስ መኪናችሁ አቧራ አንሥታ ስትሄድ አይቶ፣ «ወላሂ፣ ቆጣሪ አንባቢዎች መስለውኝ እኮ ነው፤ ባውቅ ኖሮ ከመንገድ ላይ እመልሳቸው ነበር» እያለ እስከ ዛሬ ራሱን ይወቅሳል። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ በደብዳቤ እንዲገልጹለት ብጠይቅ ድፍረት እንዳይሆንብኝ ትቼዋለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ጥያቄዎቹ አማርኛ አመሰግናለሁ።

ቡድኑን የተቀበሉት አያ ደርበው ናቸው። አያ ደርበው የቶርኖ ባለሙያችን፣ የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው። አባታቸው መሪጌታ ስለነበሩ በልጅነታቸው ዜማ ቤት ገብተው ነበር፤ ድጓውን ሳይጨርሱ ብረት ወሰዳቸው። በዚያች ዓርብ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቅዳሴ ሲወጡ «ሼዱ ደጅ ላይ እንግዳ ቆሟል» ብለው ጎረቤቶች ነገሯቸው። እንግዳ ደጅ ቆሞ እሳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን አያልፉም፤ ቁልፍ ይዘው መጡና ከፈቱ። ለሥራ እንዳልመጡ እባክዎን ልብ ይበሉልኝ። የመጡት እንግዳ ለመቀበል ነው።

መዛኙ ሰውአገኝ የሚባል ትሑት ወጣት ነው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። በእጁ ታብሌት፣ በታብሌቱ ውስጥ አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት ጥያቄ ይዞ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ከቅጹ ቃል በቃል ስጠቅሰው፣ «የማሽንዎ ጤና እንዴት ነው?» ይላል። በውጭው ቋንቋ ምን ለማለት እንደታሰበ ይገባኛል፤ ማሽኑ ከመሰበሩ በፊት በምን መሣሪያ ትከታተሉታላችሁ ማለት ነው። ቅጹን ወደ አማርኛ የመለሰው ሊቅ ግን ጤና የምትባለው ቃል በላስታ ሰው ፊት ስትጠራ ምን እንደምታስከትል አልጠረጠረም። አያ ደርበው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው። እናንተስ? መንገዱ እንዴት አደረጋችሁ?» አሉ። ሰውአገኝም ጻፈ፦ «ተመስገን»።

ቀጥሎ፣ «የማሽንዎ ዲጂታል መንትያ አለ ወይ?» ተባሉ፤ በኮምፒውተር ውስጥ የተሠራ አምሳያው ማለት ነው። አያ ደርበው ወደ ቶርኖው ዞር ብለው አዩና፣ «መንታስ የለውም ልጄ፤ አንድ ለእናቱ ነው» አሉ። ዜሮ።

ከዚያ፣ «መረጃዎን ደመና ላይ ያስቀምጣሉ ወይ?» ተባሉ። የመሪጌታ ልጅ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። «ኧረ እኛ ምን አቅም አለን፤ ደመና ላይ የሚያስቀምጥ አንድ እሱ ብቻ ነው» አሉ። ሰውአገኝ ጥቂት አሰበና «አገልግሎቱ በሦስተኛ ወገን በኩል ይሰጣል» የሚለውን መረጠ። ሙሉ ነጥብ! ክቡር ሆይ፣ ካገኘነው አሥራ ሰባት ውስጥ አምስቱ የእግዚአብሔር መሆናቸውን የተረዳሁት ዝርዝሩን ሳይ ነው። ለእኛ ሲሰጠን ለእሱም ስላልከለከላችሁት በእሱ ስም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ ይህኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ።

ሰውአገኝ ከሃያኛው ጥያቄ በኋላ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። በሥራችሁ ላይ የሚያጋጥማችሁ ችግር አለ ወይ? «ምን ችግር አለ ልጄ፤ ተመስገን ነው።» ኤሌክትሪክ ይቋረጣል ወይ? «ይሄዳል ይመጣል፤ ተመስገን።» የመለኪያ መሣሪያዎቻችሁ የተሟሉ ናቸው ወይ? «ያለው ይበቃል፤ ተመስገን።» ለለውጥ ፍላጎት አላችሁ ወይ? «ከዚህ የባሰ አታምጣ ነው እንጂ!» ይህ የመጨረሻው ጸሎት እንደነበር አገር ሁሉ ያውቃል፤ በቅጹ ላይ ግን «ለውጥን አይፈልግም፤ ስጋት አለው» ተብሎ ሰፍሯል።

«ተመስገን» የሚለው ቃል በሪፖርቱ አባሪ ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ተመዝግቧል። ቆጥሬዋለሁ። አርባ አንዱ ተመስገን ተደምሮም በማጠቃለያው ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ወጣው፦ «ድርጅቱ ባለበት ሁኔታ ከፍተኛ እርካታ ስለሚሰማው ለሽግግር ዝግጁ አይደለም።»

ክቡር ሆይ፣ ስለ እርካታው አንድ ነገር ልንገርዎ። ከሦስት ዓመት በፊት አያ ደርበው ልጃቸውን ቀብረው በሦስተኛው ቀን ወደ ወርክሾፕ መጡ። እንዴት ነዎት አልኳቸው። ተመስገን አሉ። እንዴት አደሩ፣ እህል ቀመሱ ወይ አልኳቸው። ተመስገን አሉ። ሥራዬን ትቼ፣ ሳጥን ስቤ፣ ከጎናቸው ተቀመጥኩና፣ «አያ፣ እንዴት ሆኑ?» አልኳቸው። ያን ጊዜ የቶርኖውን እጀታ እንደያዙ አለቀሱ፤ «ምኑን እነግርሃለሁ ምኔ፤ ቤቱ እኮ ዝም አለብኝ» አሉኝ።

እንግዲህ ተመስገን ማለት ይኸው ነው። ደኅና ነኝ ማለት አይደለም። ገና አልተቀመጥክም፣ ተቀመጥና ደግመህ ጠይቀኝ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ለእግዚአብሔር ነው፤ ሁለተኛው ለይሉኝታ ነው፤ ሰው የሚመልሰው ሦስተኛውን ነው። አያ ደርበው ሦስት ጊዜ ቢጠየቁ ኖሮ፣ መብራቱ በሳምንት ለሦስት ቀን እንደማይኖር፣ ማይክሮሜትራችን በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎ እስከ ዛሬ የዘንግ ውፍረት በጣት ጥፍር እየዳበሱ እንደሚለዩ፣ ግራ ዓይናቸው ከመስከረም ወዲህ እየጨለመ እንደሆነ ይነግሯችሁ ነበር። የዓይናቸውን ነገር እኔም የሰማሁት በሦስተኛው ጥያቄ ነው።

ሰውአገኝን በኋላ አግኝቼ ለምን አልደገምክላቸውም ብዬ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ሲስተሙ አንዴ ካለፈ ወደ ኋላ አይመለስም» አለኝ። ስለዚህ ጥፋተኛው ሲስተሙ ነው፤ ሲስተሙ ደግሞ ጤናው ስለማይጠየቅ ነገሩ እዚህ ላይ ይቆማል።

አራተኛ፦ ስለ ሴንሰሩ።

«ብልሽትን አስቀድሞ የሚተነብይ ሥርዓት አለ ወይ?» በሚለው ጥያቄ ዜሮ ያገኘነው «ሴንሰር አልተገጠመም» በሚል ምክንያት ነው። እውነት ነው፣ አልተገጠመም። ያለን አያ ደርበው ናቸው። የካቻቢቴን ጫፍ ከሚዞረው ማሽን አካል ላይ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ላይ ያደርጉና ያዳምጣሉ፤ ከዚያ «ይቺ ኩሽኔታ ለፋሲካ አትደርስም» ይላሉ። አትደርስም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲሳሳቱ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ የሳቱት በአንድ ሳምንት ልዩነት ብቻ ነው። ነገር ግን ጆሮ በቅጹ ላይ ሳጥን ስላልተሠራለት ምንም ማድረግ አልተቻለም፤ ይገባኛል።

አምስተኛ፦ እዚህ ላይ ፍትሕ ማጓደል አልፈልግም።

ዝግጁ አይደለንም፣ ክቡር ሆይ። እኔ ምዘናን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ አሥራ አንድ ዓመት ተማሪ ስጥል የኖርኩ ሰው ነኝ። ቅጻችሁ እጄ ሲገባ የራሴን ወርክሾፕ በእውነት መዘንኩት። ንድፎቻችን ከእኔ ጭንቅላትና ከሲሚንቶ ወረቀት ወጥተው አያውቁም ነበር። የምንሠራውን ዘንግ ሁለቴ ብንሠራው ሁለቱ አንድ አይሆኑም። የአያ ደርበው እጅ የሚያውቀውን ማንም አልጻፈውም፤ ተተኪ እንዳሠለጥን ስመከር ነገ እያልኩ አሥር ዓመት አሳልፌአለሁ፤ ያም የእኔ ጥፋት ነው፣ የማንም አይደለም። በኮምፒውተር የሚመራ ቶርኖ ነገ በነጻ ቢሰጠን የሚያዝዘው ሰው የለንም፤ እኔ ራሴ የተማርኩት ያረጀ ነው። ደምሬ ሠላሳ አንድ አገኘሁ።

ሠላሳ አንድም ከአርባ በታች ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ብትመጡም፣ ማርያም ዓርብ ላይ ባትውልም፣ ተመስገንን ሰምታችሁ ብትቀመጡም ሼዱን መልቀቃችን አይቀርም ነበር። ይህን ሳስብ ቁጣዬ መግቢያ አጥቶ ይመለስብኛል። ልዩነቱ፣ በሠላሳ አንድ ብንወድቅ ኖሮ ምን እንደጎደለን የሚናገር አንድ ወረቀት በእጃችን ይቀር ነበር። ሁለት ሳምንት ወለል ያሳጠብኩት ለዚያ ወረቀት ነበር። አንድ ሰው መጥቶ ይህ ጎደለህ፣ ይህን ጨምር፣ ይህ ሰውዬ ሳያርፍ የሚያውቀውን ጻፍለት እንዲለኝ ነበር። እናንተ ግን እርካታ አላችሁ ብላችሁ አሰናበታችሁን።

ስድስተኛ፦ ቶርኖውን ስላነቃነቃችሁልን።

በጦርነቱ ጊዜ ወርክሾፑ ሲዘረፍ የብየዳ ማሽኑ፣ ግራይንደሩ፣ የመለኪያ ሳጥኑ፣ የግድግዳው ሶኬት ሳይቀር ተነቅሎ ሄደ። ቶርኖው የተረፈው ስለከበደ ብቻ ነው። በገመድ ሞከሩት፣ በመኪና ሞከሩት፣ እንቢ አላቸው። መሠረቱ ላይ የገመዱ ሰንበር እስካሁን አለ። ታዲያ ባለፈው ዓርብ፣ ሠላሳኛው ቀን ሲሞላ፣ የሲሚንቶ መሠረቱን በዲጂኖ አፍርሰን፣ አሥራ ስምንት ሰው ሆነን ከሥሩ የብረት ቱቦ እያንከባለልን አወጣነው። ዘራፊ በጉልበት ያቃተውን አንድ ገጽ ወረቀት ቻለው። አሁን የእኔ ግቢ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል፤ ለእሱ የሚበቃ የኃይል መስመር በሰፈሬ የለም፤ አመልክቼ «አምራች ለሆነ ድርጅት ብቻ ነው የሚፈቀደው» ተብያለሁ። አምራች ለመሆን ሼድ፣ ሼድ ለማግኘት አርባ ነጥብ፣ አርባ ነጥብ ለማግኘት የሚሠራ ቶርኖ ያስፈልጋል። ይህን ክብ ያሰላው መሐንዲስ ከእኔ የተሻለ ተምሯል።

በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ፣ ከኩልመስክ ወዲያ ወፍጮ ያላት ይማርሽ የተሰበረ የወፍጮ ዘንግ በኩታ ጠቅልላ በአይሱዙ ጭና መጣች። ሼዱ ዝግ ነው። ሰው ወደ ቤቴ መራት። ላስቲኩን ገልጣ ቶርኖውን አየችውና፣ «ምነው፣ እሱም ታመመ?» አለች። አልታመመም አልኳት። «ታዲያ ምን ሆነ?» አለች። ይህን ለማስረዳት የእርስዎን ሪፖርት አወጣሁና ሦስት ገጽ ካነበብኩላት በኋላ አስቆመችኝ። «ተወው ጋሼ ምንይችል። አገሩ ሁሉ እህሉን በጆንያ ደርድሮ ደጄ ተቀምጧል፤ ተመልሼ ምን ልበለው? ቶርኖው ፈተና ወደቀ ልበለው?» አለችኝ። እንደዚያ እንድትል ነገርኳት፤ ሌላ እውነት የለኝም። ዘንጓን አቅፋ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ወልድያ ደርሳ ተመልሳ፣ ዘንጉ ልክ ከሆነ፣ ወፍጮው በሁለት ሳምንት ይነሣ ይሆናል። እስከዚያው የዚያ አገር ሴቶች ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመልሰዋል። ይህንንም በሽግግር ዓምድ ውስጥ ቢያስገቡልኝ።

ሰባተኛ፦ የተሳትፎ ምስክር ወረቀቱ ደርሶኛል፤ ከነፍሬሙ። «ለአቶ ምን ይችላል በእውቀቱ» ተብሎ ስሜ ተሰብሮ ተጽፏል። እንዲታረም አልጠይቅም። ጥያቄው ትክክል ነው።

ስምንተኛና የመጨረሻ፦ በሪፖርታችሁ መግቢያ ላይ አባቶቻችን ዓለት ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ያነጹ ጥበበኞች እንደነበሩ በሁለት አንቀጽ አድንቃችኋል። እነሱ በዚህ ቅጽ ቢመዘኑ ስንት ያገኙ ነበር የሚለውን ቀልድ ከተማው ስለጨረሰው እኔ አልደግመውም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደፊት ልጆቹን አሥራ ሰባት ልትሰጡ ስትመጡ አባቶቹን በመግቢያ አታወድሱ። ሁለቱን በአንድ ገጽ ማንበብ ሆድ ያማል።

ሼድ ቁጥር አራት የላቀ ቴክኖሎጂ ማሳያ ማዕከል እንደሚሆን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ማሽኖቹ ደርሰው ለጊዜው ጎረቤታችን ሼድ ቁጥር ሦስት ውስጥ በካርቶን ተቀምጠዋል፤ መብራት ስለሌለም የራሳቸው ጄኔሬተር ተገዝቶላቸዋል። ይህ ጄኔሬተር ልንወጣ ሁለት ቀን ሲቀረን ፑሌጃው ተሰነጠቀ። የማዕከሉ አስተባባሪ ፑሌጃውን ይዞ ወደ ማን መጣ ብለው ይገምታሉ? አያ ደርበው አዩት፤ ከመናኛ ብረት የተሠራ መሆኑን በጥፍራቸው አንኳኩተው ለዩ፤ እኔ አንሠራም ልል አፌን ስከፍት፣ «ምኔ፣ እንግዳ እኮ ነው» አሉኝ። እንደ ዕድል ያን ቀን መብራት ነበረ፤ በአንድ ጠዋት አዲስ ቀርጸው ሰጡት። ሼድ ቁጥር አራት ውስጥ የተሠራ የመጨረሻው ዕቃ ያ ነው። በማሳያ ማዕከሉ ውስጥ የሚያሳዩት ካጡ እሱን እንዲያሳዩት በትሕትና አሳስባለሁ።

የመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም እንዳይደበዝዝ፣ ታብሌታችሁ ባትሪው እንዳይወርድ፣ የሚመዘን አምራች እስኪያልቅ ድረስም ሥራችሁ እንዳይጓደል እየተመኘሁ፣ ለተሰጠኝ ጊዜና ለተወሰደብኝ ሼድ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ከመቶ አሥራ ሰባት፣ የእግዚአብሔር ሲቀነስ አሥራ ሁለት፣
ምንይችል በእውቀቱ
ቀድሞ የሼድ ቁጥር አራት፣ አሁን የግቢው ላስቲክ ኃላፊ

ማስታወሻ፦ አዲሱ ፑሌጃ ሲገጠም እኔና አያ ደርበው አብረን ሄደን ነበር። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ አምፖሉ በራ፣ ተጨበጨበ። አያ ደርበው እንደ ልማዳቸው ካቻቢቴውን ከጄኔሬተሩ ላይ፣ ጆሯቸውን ከእጀታው ላይ አድርገው ጥቂት አዳመጡ። አስተባባሪው ሲያልፍ አያቸውና፣ «አባባ፣ ጤናው እንዴት ነው?» አላቸው። «ተመስገን» አሉት። አመስግኖ ሄደ። ወደ ቤት ስንመለስ እኔም ጠየቅኳቸው፤ ተመስገን አሉኝ። ደግሜ ጠየቅኳቸው፤ ተመስገን አሉኝ። በሦስተኛው ቆም አሉና፣ «የኋለኛው ኩሽኔታ አልቋል፤ ሁለት ሳምንት አይሞላውም፤ ሲሄድ ሞተሩን ይዞት ነው የሚሄድ» አሉኝ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ይህ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት አልፎ ጠረጴዛዎ ላይ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ ከልምድ አውቃለሁ።